መልክ ታጥቦ አይጠጣም? የመጀመሪያዎቹ ስማርት ስልኮች ውበትና ሥራ

እናቴ ስልክ በገዛሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ባትሪው ስንት ቀን ይይዛል?» ሌላውን አትሰማኝም። ካሜራው፣ መስታወቱ፣ ቅጥነቱ ምኗም አይደለም። ስለ ማማሩ ማውራት ከጀመርኩማ «ተወኝ ልጄ፣ መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ትለኛለች።

ተረቱ ልክ ነው። ስልክ ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ተማሪ ሳለሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አጎቴ አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ቤት ነበረችው። ክረምት ክረምት እዚያ እሠራ ነበር። ጊዜው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ስማርት ስልክ ገና ብርቅ ነው። ከአረብ አገር የምትመለስ እህት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አንዳንድ እያሉ ያመጡታል። ሱቋ ውስጥ ክርክሩ አያልቅም። የቱ ይሻላል? ያማረው ወይስ የሚሠራው?

ያንን ክርክር ዛሬ ረጋ ብዬ ላብራራው። ብዙ ሰው ነገሩ አልቋል፣ መስታወቱ አሸንፏል ብሎ ያስባል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ገና ከመነሻው ተጣሞ የተጠየቀ ይመስለኛል። «የሥራ ስልክ» ከተባሉት አንዱ ደሴ ሲደርስ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። «ጌጥ» የተባለው ደግሞ ትልቅ የሥራ ሐሳብ በሆዱ ይዞ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስማርት ስልክ በአንድ ቀን አልተወለደም። በሁለት መንገድ ነው የመጣው። በአንዱ መንገድ ስልክ የነበረው ዕቃ ማስታወሻ መያዝና ኢሜይል መቀበል ተማረ። በሌላው መንገድ የኪስ ማስታወሻ የነበረው ዕቃ መደወል ተማረ።

በ1994 አይቢኤም ሳይመን የተባለ ስልክ ለገበያ አቀረበ። ስክሪኑ በንክኪ ይሠራል። ኢሜይልና ፋክስ ይልካል፣ ቀጠሮ ይመዘግባል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ባትሪው ሲያወሩበት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። 50,000 ያህል ተሽጦ በ1995 መጀመሪያ ከገበያ ወጣ። በ1996 ኖኪያ 9000 ኮሙኒኬተርን አመጣ። ተዘግቶ ሲያዩት ወፍራም ስልክ ነው። ሲከፍቱት እንደ ሳጥን ለሁለት ይገለጥና ሙሉ ኪቦርድና ረጅም ስክሪን ያወጣል። ወደ 400 ግራም ይመዝናል። በዚያው ዓመት ፓልም ፓይለት የተባለው የኪስ ማስታወሻ ወጣ። እሱ አይደውልም። በቀጭን ዘንግ እየነኩት ቀጠሮና አድራሻ ይይዛል። የዚህ ዘር ከስልክ ጋር ተዋህዶ በደንብ የተወደደው ትሪዮ 600 በ2003 ሲወጣ ነው።

እነዚህ ሁሉ የቢሮ ሰው ዕቃዎች ናቸው። ስለ መልካቸው ብዙም የተጨነቀ የለም። ኪስ ያጎብጣሉ፣ ሥራ ግን ይሠራሉ።

ኢሜይል ቤት ድረስ ሲመጣ

በዚህ መንገድ ከሁሉም ርቆ የሄደው ብላክቤሪ ነው። ሠሪው ያኔ ሪሰርች ኢን ሞሽን ይባል ነበር። መቀመጫው ካናዳ፣ ዋተርሉ ከተማ ነው። የመጀመሪያው ብላክቤሪ በ1999 ሲወጣ ስልክ እንኳ አልነበረም። መልእክት መቀበያና መላኪያ ብቻ ነበር። መደወል የቻለው በ2002 ነው። ያውም የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶለት።

ታዲያ ሰው ለምን እንደዚያ ወደደው? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ያኔ ኢሜይል ማለት ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥን ከፍቶ እንደማየት ነው። ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ የምታውቀው ሄደህ ስታይ ነው። ባዶ ከሆነ ድካምህ ከንቱ ነው። ስልክም እንደዚሁ በየጊዜው ወደ ኢሜይል ሳጥኑ እየተመላለሰ «መጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እያንዳንዱ ምልልስ ባትሪ ይበላል፣ የኔትወርክ ሒሳብም ያስቆጥራል። ብላክቤሪ ይህን ገለበጠው። ሳጥኑን የሚጠብቀው ስልኩ ሳይሆን ሰርቨር የሚሉት ሩቅ ያለ የኩባንያው ኮምፒውተር ሆነ። ደብዳቤ ሲገባ ሰርቨሩ ያያል፣ ይጨምቀዋል፣ ይመሰጥረዋል፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ይገፋዋል። ስልኩ እስከዚያ አርፎ ይተኛል። በዚያ ዘመን ቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ እንኳ መልእክቱ ቶሎ የሚደርሰውና ባትሪው የሚበረክተው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልፎቹም ታስቦባቸዋል። እያንዳንዷ ቁልፍ ትንሽ ጎበጥ ብላ የተሠራችው አውራ ጣት ሳያይ እንዲያገኛት ነው። አጫጭር መንገዶችም ነበሩ። ስፔስን ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ዓረፍተ ነገሩን በነጥብ ይዘጋል። የኢሜይል አድራሻ ሲጽፉ ስፔስን ቢጫኑ የ«አት» ምልክቱን ራሱ ያስገባል። ትንሽ ነገር ይመስላል። በቀን ሃምሳ ደብዳቤ ለሚመልስ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ። እህቴ በ2003 ዓ.ም. ከሳዑዲ ስትመለስ ብላክቤሪ ይዛ መጣች። እዚያ እያለች ከጓደኞቿ ጋር ቀኑን ሙሉ በቢቢኤም ትጻጻፍበት ነበር። ቢቢኤም የብላክቤሪ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ የሚላላኩበት መንገድ ነው። ደሴ ስትደርስ ሲም ቀየረች። መደወል ሠራ። ኢሜይሉና ቢቢኤሙ ግን ዝም አሉ። አጎቴ ከፍቶ አየው፣ ዘግቶ አስነሳው፣ ደግሞ ሞከረው። የተበላሸ ነገር የለም። ስልኩ ደህና ነው። ቀሪ ግማሹ ነው እዚያ የቀረው። ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ወርሃዊ አገልግሎት ከሲሟ ጋር አብሮ ቀርቷል።

ያ አገልግሎት የት እንደሚኖር መንግሥታትም ያውቁት ነበር። በ2010 የተባበሩት አረብ ኤምሬትስና ሳዑዲ የብላክቤሪን አገልግሎት እንዘጋለን ብለው ዓለምን አነጋግረዋል። ምክንያታቸው መልእክቱ ተመስጥሮ በውጭ ሰርቨር ማለፉና እነሱ ማየት አለመቻላቸው ነበር። በኋላ ተስማሙ። ነገሩ ግን አንድ እውነት ያሳያል። የብላክቤሪ ሥራ በእጅ ላይ ካለው ዕቃ ይልቅ ከኋላው ባለው መሥመር ላይ ነበር።

እህቴ ስልኩን አልጣለችውም። ለወራት በእጇ ይዛው ዞረች። ፒያሳ ስትሄድ ሰው ያያታል፣ «አሳዪኝ እስቲ» ይላታል። ያ ለሥራ ሰው የተሠራ፣ መልኩ ብዙም ያልተጨነቁበት ስልክ እኛ ጋ ሲደርስ ዝነጣ ብቻ ሆነ።

«ሰላም» ለማለት ስንት ጊዜ ይጫኑታል?

ሥራ ከኔትወርክ ጋር የተሳሰረ መሆኑን እኛ ከብላክቤሪም በፊት አይተናል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በአገራችን የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። የተከፈተው ሚሊኒየሙ ሲገባ ነው። በእነዚያ ዓመታት ምርጥ ኪቦርድ ያለውም ሆነ ተራ ቁልፍ ያለው ስልክ እኩል ነበሩ። የሚጻፍበት መንገድ ከሌለ ቁልፍ ጌጥ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ግን የቁልፍ ነገር እውነተኛ ሥራ ሆነ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። ስልኮቹ ፊደላችንን ስለማያውቁ አማርኛን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። የአማርኛ ጽሑፍ የመጣላቸው እንደሆነም ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያሉ። «ሰላም» በላቲን አምስት ፊደል ነው። 12 ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት አራት ፊደል ይሸከማል። የመጀመሪያውን ፊደል ለማግኘት አንዱን ቁልፍ አራት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውን ሦስት ጊዜ፣ የቀሩትን ሁለቱን አንዳንድ ጊዜ መጫን አለብህ። ድምሩ 11 ነው። ሙሉ ኪቦርድ ላይ 5 ብቻ።

እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህ አያስጨንቀውም። ቲ9 የተባለው ዘዴ ነበረውና። በየፊደሉ አንዴ ብቻ ሲጫኑ ስልኩ ከመዝገበ ቃላቱ ፈልጎ ቃሉን ይገምታል። የኛን «ሰላም» ግን አያውቅም። ጭራሽ ሌላ ቃል ይጽፍልሃል። ስለዚህ አጥፍተነው በድሮው መንገድ እንሄዳለን። እንግዲህ ሙሉ ኪቦርድ ያለው ስልክ ከፈረንጁ ይልቅ ለወሎ ልጅ የበለጠ ድካም ይቀንስ ነበር ማለት ነው። ይህን በዚያ ዘመን ማነጻጸሪያ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ማነጻጸሪያዎቹ የሚጻፉት በሌላ ቋንቋ ለሚኖር ሰው ነበር።

ቀጭኑ ዘመን

በሌላ በኩል ስለ መልክ የሚጨነቁት ሥራ ላይ ነበሩ። በ2004 ሞቶሮላ ሬዘርን አወጣ። ታጣፊ ነው። ሲዘጋ ውፍረቱ 13.9 ሚሊ ሜትር ነበር። ገላው አሉሚኒየም፣ ቁልፎቹ ከአንድ ስስ የብረት ሉህ የወጡ፣ ከሥራቸው ሰማያዊ መብራት ያላቸው። አንቴናው እንዳያወፍረው ወደ ታችኛው አገጩ ወረደ። በዕድሜው ሁሉ ከ130 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ስማርት ስልክ አይደለም። ቢሆንም የሰውን ዓይን ቀየረው። ከዚያ በኋላ ወፍራም ስልክ ለሥራም ቢሆን ማሸማቀቅ ጀመረ።

የሥራ ስልኮቹም ወደዚያው ተሳቡ። ከሁሉም የማደንቀው በ2008 የወጣው ኖኪያ ኢ71 ነው። ገላው ብረት፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ኪቦርዱ ሙሉ፣ ባትሪው 1500 ሚሊ አምፒር ሰዓት። አንድ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ስክሪኑን ከሥራ ወደ ግል፣ ከግል ወደ ሥራ መቀየር ይቻላል። ቀን የቢሮ ኢሜይልና ቀጠሮ፣ ማታ የቤተሰብና የሙዚቃ። አጎቴ እጁ ላይ ሲያገላብጠው «ይሄ ሰው የሠራው ነው» ይል ነበር። የሚያወራው ስለ ብረቱ ይሁን ስለ ሐሳቡ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ሁለቱንም እላለሁ። ውበትና ሥራ ይጣላሉ የሚለውን ክርክር ኢ71 በገዛ ገላው ነው የመለሰው።

ሠንጠረዡ የደበቀው

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ። በ2007 ሁለት ስልኮች ተገናኙ። ኖኪያ ኤን95 በማርች ገበያ ወጣ። አይፎን በጃንዋሪ 9 ታይቶ በጁን 29 አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ጀመረ።

ጎን ለጎን ሠንጠረዥ ሠርተን ብናነጻጽራቸው ውጊያው አንድ ወገን ብቻ ነው። ኤን95 ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ጂፒኤስ፣ 3ጂ ኔትወርክ፣ ቪዲዮ መቅረጫ፣ ሚሞሪ ካርድ አለው። ፕሮግራም መጫን ይቻላል። ባትሪው ይወጣል። የመጀመሪያው አይፎን ካሜራው 2 ሜጋፒክስል ነው። ጂፒኤስ የለውም። 3ጂ የለውም። ቪዲዮ አይቀርጽም። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም። ባትሪው አይወጣም። ጽሑፍ ኮፒ ፔስት ማድረግ እንኳ አይቻልም ነበር። ፎቶ በመልእክት አይላክበትም። ሌላ ሰው የሠራው ፕሮግራም አይገባበትም። ዋጋው ደግሞ ከሁለት ዓመት ውል ጋር 499 እና 599 ዶላር።

የማይክሮሶፍት ኃላፊ የነበሩት ስቲቭ ባልመር በዚያው ዓመት ኪቦርድ ስለሌለው ለሥራ ሰው አይስብም፣ ለኢሜይልም ጥሩ አይደለም፣ ዋጋውም ውድ ነው ብለው ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን እያነሳ ይስቅባቸዋል። እኔ አልስቅም። ያን ቀን እጃቸው ላይ ለነበረው ስልክ የሰጡት ፍርድ ትክክል ነበር። የሳቱት ያ ስልክ ወዴት ሊያድግ እንደሚችል ነው።

ሠንጠረዥ የሚቆጥረው ያለና የሌለውን ብቻ ነው። «አለ» በሚለው ቃል ሥር ምን ያህል ድካም እንዳለ አይቆጥርም። የምርታማነት ትርጉም ደግሞ እዚያ ድካም ውስጥ ነው ያለው። የስልክ ሥራ በአራት ነገር ይለካል ብዬ አምናለሁ። አንድን ነገር ለመጨረስ ስንት ጊዜ ትነካዋለህ? ስትሳሳት ለመመለስ ምን ያህል ያደክምሃል? ሥራ መሃል ላይ ሲደወልልህ፣ ወሬው ሲያልቅ ካቆምክበት ታገኘዋለህ ወይ? ማታስ ገና ሳይመሽ ይሞትብሃል ወይ? አራተኛው የእናቴ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይፎን ብዙዎቹን ይበልጥ ነበር። የኖኪያ ስማርት ስልኮች ኢንተርኔት ለመክፈት ሲነኩ «በየትኛው መገናኛ ልውጣ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ድረ ገጹም ሲመጣ በጠባብ ስክሪን ላይ በቀስት ቁልፍ እየገፉ መፈለግ ነው። አይፎን ላይ ገጹ እንዳለ ይመጣል። የፈለጉትን በሁለት ጣት ይዘረጉታል። አንድ ክረምት ከአሜሪካ የመጣ ደንበኛ ሱቋ ውስጥ ፎቶዎቹን ለአንድ ሽማግሌ ሲያሳይ አየሁ። ሽማግሌው ሞባይል ይዘው አያውቁም። ጣታቸውን ገፋ አደረጉት፣ ሥዕሉ ሄደ፣ ሌላው መጣ። ማንም አላስተማራቸውም። እስከ መጨረሻው ራሳቸው አገላብጠው አዩ። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት አንድ ጎልማሳ የገዛ ፎቶውን የሚያገኝበትን ማውጫ ሦስት ጊዜ አሳይቼው ነበር።

ያ ለስላሳ መስታወት እንዴት ይሠራል? ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ንክኪ ስክሪኖች በግፊት ነበር የሚሠሩት። ሁለት ስስ ንጣፍ አለ፤ ሲጫኑት ይነካካሉ፣ ስልኩም የት እንደተነካ ያውቃል። ጥፍርም፣ ዘንግም፣ ጓንት ያደረገ ጣትም ይሠራል። አይፎን የተጠቀመው ሌላውን ዓይነት ነው። መስታወቱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ በዓይን የማይታይ ንጣፍ አለ። ሰውነታችን ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ሲጠጋው በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል። መጫን አያስፈልግም፣ መዳሰስ ይበቃል። ሁለት ጣትንም ለይቶ ያውቃል። ዋጋ ግን አስከፍሎናል። ከጦሳ የሚወርደው የደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጓንት ያስለብሳል። በጓንት ደግሞ ያ መስታወት እንደ ድንጋይ ዝም ነው።

ቁልፎቹን ለምን አነሷቸው? የአይፎን ሠሪ የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ስልኩን ሲያስተዋውቅ ያቀረበው ክርክር ግልጽ ነበር። የፕላስቲክ ቁልፍ ብትፈልገውም ባትፈልገውም እዚያው ነው። ፎቶ ስታይም ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ለአዲስ ሥራ አዲስ ቁልፍ ልጨምር ብትል አትችልም፤ ስልኩ ተሽጧል። መስታወት ላይ የተሣለ ቁልፍ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይለወጣል።

ይህን ሳስብ ጀበና ትዝ ይለኛል። የጀበና አንገት ቀጥኖ መርዘሙ ያምራል። እናቴ ዕቃ ቤት ሄዳ ጀበና ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው አንገቱን ነው። ያ አንገት ግን ለማማር ብቻ የወጣ አይደለም። የቡናውን አተላ ከታች አስቀርቶ ጥሩውን ብቻ ያወርዳል። ከአቦል እስከ በረካ የሚያደርሰን እሱ ነው። መልኩን ከሥራው እንነጥል ብትሉ አትችሉም። የአይፎን ባዶ መስታወትም እንደዚያ ነበር።

ባዶነቱ በ2007 ገና ባዶ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በጁላይ 2008 የፕሮግራም መደብሩ 500 በሚያህሉ ፕሮግራሞች ተከፈተ። የቢሮ ኢሜይልም በዚያው ሰሞን በደንብ ገባበት። ኮፒ ፔስት እስኪመጣ 2009 ሆነ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ የመጡት በዚያው መስታወት ላይ ነው። ብላክቤሪ የስልኩን ግማሽ ፊት ለቁልፍ ሰጥቶ ነበር። ያንን ግማሽ ለሌላ ሥራ ማዋል አልቻለም።

ለባቲ ገበያ የሚሆነው

እስከ አሁን ያወራሁት ስለ ኢሜይልና ስለ ድረ ገጽ ነው። የሁሉ ሰው ሥራ ግን እሱ አይደለም። አንድ የከብት ነጋዴ ደንበኛ ነበሩን። ሰኞ ሰኞ ባቲ ይወርዳሉ። ከአፋር በኩል የሚመጣውን ግመልና ፍየል ያያሉ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ላሉ ገዢዎች ይደውላሉ፣ ዋጋ ይነግራሉ፣ ይዘጋሉ። ሥራቸው ይኸው ነው። ልጃቸው ትልቅ ካሜራ ያለው ውድ ስልክ አምጥቶላቸው ነበር። ከሌሊት ወጥተው ሲደዋወሉበት እኩለ ቀን ላይ ጠፋባቸው። ባቲ ላይ ስልኩ የጠፋበት ነጋዴ ገበያው ውስጥ ቆሞ እንደሌለ ነው።

አጎቴን «አንተ፣ ያቺን ባለ መብራቷን መልስልኝ» አሉት። ኖኪያ 1100 ማለታቸው ነው። በ2003 የወጣ፣ 250 ሚሊዮን ያህል የተሸጠ ስልክ። ስማርት ከሚለው ስም ጋር አይተዋወቅም። ቁልፎቹ አቧራ እንዳይገባባቸው በአንድ ሽፋን ተሸፍነዋል። ጎኖቹ እንዳይሾልክ ሻካራ ናቸው። አናቱ ላይ ባትሪ መብራት አለ። ባትሪው ቀናት ይቆያል። ገና ሳይነጋ ለሚነሣ፣ መብራት ወደሌለበት ሰፈር ለሚገባ፣ አቧራ ውስጥ ለሚውል ሰው ምርታማነት ማለት እሱ ነው።

የሚገርመው ያንን ውድ ስልክ አልሸጡትም። ለሰርግና ለዒድ ይዘውት ይወጡ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ያነሡበታል፣ እንግዳ ፊት ያወጡታል። ይህንን ከንቱ ነገር ነው ብዬ አላልፈውም። ንግድ በእምነት ነው የሚሄደው። ኮምቦልቻ ላይ ቤት የሚያሻሽጥ ደላላም ሆነ ደሴ ላይ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ ሰው እጁ ላይ ያለው ዕቃ ስለ እሱ አንድ ነገር ይናገርለታል። ዝነጣም ለአንዳንዱ ሰው የሥራ ዕቃ ነው። ጥፋቱ ለሰርግ የተገዛውን ስልክ ባቲ ይዞ መውረድ ነው።

ፊደሉ ሲገባ

ለእኛ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ማንም ለእኛ ብሎ ባልሠራው ነገር ነው። የአማርኛ ፊደል መሠረቱ 33 ነው። በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ይህን የሚሸከም የፕላስቲክ ኪቦርድ ኪስ ውስጥ አይገባም።  መስታወት ላይ ግን ቁልፍ ሥዕል ነው። «ለ»ን ስትነካ «ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ከአናቷ ብቅ ይላሉ። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት፣ ዩኒኮድ በተባለው መዝገብ ውስጥ ቦታ ነበረው። የቀረው ስልኮቹ ቅርጹን እንዲያውቁትና ቁልፉን የሚሥል ፕሮግራም እንዲጻፍ ነበር። ሁለቱም ቀስ እያሉ መጡ። ጌጥ ነው የተባለው ባዶ መስታወት አማርኛን በአማርኛ አስጻፈን።

ብላክቤሪ የድሮ ስልኮቹን አገልግሎት በጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ዘጋ። የእህቴ ስልክ የተዘጋው ግን ደሴ በደረሰች ቀን ነው። አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ አለ። ቁልፎቹ ዛሬም ስትነካቸው ያ ደስ የሚል ድምፃቸው አልጠፋም። እኔም አንዳንዴ አውጥቼ ዝም ብዬ እጫነዋለሁ።

እናቴ ሐይቅ ነው የምትኖረው። ዛሬ እሷም መስታወት ስልክ አላት። ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። ኢሞ ላይ የእህቴን ፎቶ ትነካለች፣ ደወሉን ትነካለች፣ ጅዳ ድረስ ፊት ለፊት ታወራለች። እህቴ ካላነሣች ማይኩን ተጭና ድምጿን ትልካለች። ይህንን ለማድረግ አንድም ፊደል አልጻፈችም። በድሮዎቹ ቁልፎች ይህን ሥራ ልትሠራው አትችልም ነበር። ስለ መስታወቱ ማማር ግን ዛሬም አታወራኝም።

ባለፈው ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኳ አልቋል። «ይቺ ነገርህ አንድ ቀን እንኳ አታድርም?» አለችኝ። አስረዳኋት። ሰፊ ስክሪን ብዙ ይበላል፣ ኢንተርኔቱም ሲጠባበቅ ይበላል አልኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ከመሶቡ ጀርባ እጇን ሰደድ አድርጋ ኖኪያ 1100 አወጣች። አናቱ ላይ ያለችውን መብራት አበራችና ጀበናውን ወደ ከሰሉ አቀረበችው።